ይድረስ በማድ ቤቴ ለምታልፈው የዲጂታል ካርታ መንገድ

ጉዳዩ፦ ከጓሮዬ እንድትነሳልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አንተ ላያችን ላይ ከመጋደምህ በቀር።

ሰሞኑን የቤት ጉዳይ ይዤ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰልፉን አልተርክልህም፤ አንባቢዎቼ ያውቁታል፣ ግማሾቹ ከፊቴ ነበሩ። ተራዬ ሲደርስ ልጁ ታብሌቱን ከፈተ። በሁለት ጣቱ ደብረ ማርቆስን ሳብ ሳብ አደረጋት። ሰፈራችን መጣ። የቆርቆሮ ጣሪያዬ መጣ። ጌሾዬ እንኳን አረንጓዴ ነጥብ ሆና ታየች። ከዚያ አንተ መጣህ። ቀይ፣ ወፍራም፣ ቀጥ ያልክ። በማድ ቤቱ ገብተህ በመኝታ ቤቱ ወጥተሃል።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መሀል መንገድ ላይ ነው የሚኖሩት» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «መንገድ ላይ ያለ ቤት ሲስተሙ አይቀበልም። ደግሞ ግማሽዎ ከመንገዱ ወዲህ ነው፣ ግማሽዎ ወዲያ። የየትኛው ቀጠና ነዎት?»

«ልጄ፣ እዚያ ቤት ልጆች አሳድጌያለሁ» አልኩት።

ከኋላዬ አንዲት እናት አማተቡ። «ኧረ እመቤቴ! መኪና ሳይገጫቸው!»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ጥበቃው ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየ። ልጁም ደግ ነው፣ ታብሌቱን ወደ ሕዝቡ አዞረው። ሁሉም በየተራ መኝታ ቤቴን ጎበኘ። አልጋው በየት በኩል እንደሆነ የጠየቀኝም ነበር። በመጨረሻ ፎርም ሰጠኝ። «የይዞታው ዓይነት» በሚለው ላይ ምን ልሙላ ብለው «ባዶውን ይተዉት» አለኝ።

ነገሩን ያስረዳኝ ቅየሳ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ነው። የድሮው የወረቀት ካርታችን የተለካው አዲንዳን ከሚባል የልኬት መነሻ ነጥብ ተነስቶ ነው። ቦታው ግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ፣ አባይ ዳር ነበር። የጂፒኤስ መነሻ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱን ሳያስማሙ አንዱን በአንዱ ላይ ከጫኑት መንገዱ እኛ አገር 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። አባይ አፈራችንን መውሰዱ አንሶ የካርታችንንም መነሻ ታች አውርዶታል! ማን እንደጫነህ አላውቅም። ብቻ ተጭነሃል።

የድሮ በደልህን ብዙ አላነሳም። ጮቄ ሥር የአህያ መሄጃን የመኪና መንገድ ብለህ የሠርግ አጃቢ ጭቃ ውስጥ ከተሃል። ነሐሴ ላይም «12 ደቂቃ» ትላለህ። ከሌላ መንገድ በምትገናኝበት ላይ ደግሞ አንድ ሜትር ጎድለህ ትቀራለህ፤ ዓይን አያየውም፣ ኮምፒውተሩ ግን መንገዱ ተቆርጧል ብሎ በሉማሜ ያዞረናል።

ሥራህ መንገድ ማሳየት ብቻ ቢሆን እተውህ ነበር። ግን የሕዝብ ቆጠራ ቦታም በአንተ ይከለላል። እያንዳንዱ ቆጣሪ የራሱ ክልል አለው። ወሰኑ መንገድ ነው፣ ወንዝ ነው፣ መሬት ላይ የሚታይ ነገር ነው። ማንም እንዳይዘለል፣ ማንም ሁለቴ እንዳይቆጠር። አንተ ስትሸሽ የወዲህኛው ቆጣሪ «የኔ አይደለም» ብሎ ያልፋል። የወዲያኛውም «የኔ አይደለም» ይላል። ከኔ በታች ያሉት አሮጊት ዛሬም ውሃ የሚቀዱት ከምንጭ ነው፣ በዚያ ወገባቸው። በጀት ሲሸነሸን የሰው ቁጥር ይታያል። ቦኖውም ጤና ኬላውም ሲታቀድ የሰው ቁጥር ይታያል። ያልተቆጠረ ሰው አይጠማም ማለት ነው? አይታመምም? እሳቸውን ማን ነው የሚያያቸው፣ ሳተላይት?

ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይላል። እኛ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ተቆጠርን። አራተኛው ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ፣ ይኸው እንደተራዘመ ነው። በ1999 አንቀልባ ላይ ሆኖ የተቆጠረ ልጅ ዛሬ ታብሌት ይዞ «ቤትዎ መንገድ ነው» ይለኛል።

ስለዚህ በትሕትና እጠይቅሃለሁ፣ ፈቀቅ በል። እምቢ ካልክ ግን፣ መንገድ ከሆንኩ አይቀር ደንቡን እጠብቃለሁ። ማድ ቤቱ በር ላይ ገመድ ወጥሬ ኬላ አቆማለሁ። የዚያ ቢሮ መኪና ሲመጣ ድርብ ይከፍላል፣ ደረሰኝም አልሰጥም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት (እንደተለመደው እንዲጠፋ)