ማስተካከያ፦ ደስተኛ ፕሮግራመርና ስህተት የሌለበት ኮድ

ስለ ፕሮግራመሮች ስሜትና ስለ ሥራቸው ጥራት ባወጣነው ጽሑፍ ላይ «ደስተኛ ፕሮግራመር ስህተት ያነሰበት ኮድ እንደሚጽፍ በጥናት ተረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህ ይታረም። ጥናቱ እንዲህ አይልም።

ጥናቱ ዳንኤል ግራዚዮቲንና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። የተሳተፉት 42 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው። ደግሞ የሚገርመው፣ ኮድ የሚባል ነገር አልጻፉም። መጀመሪያ ስሜታቸው በመጠይቅ ተለካ። ከዚያ ለፎቶዎች አጫጭር መግለጫ ጻፉ፤ ቀጥሎም ማሰብና ማቀድ የሚጠይቅ የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫወቱ። በጨዋታው ደስ ያላቸው የተሻለ ውጤት አመጡ። በመግለጫው፣ ማለትም በፈጠራው በኩል፣ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «ደስተኞቹ ችግር በመፍታት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል» የሚለው ነው። ከዚህ ተነስቶ ስለ ኮድ ጥራት መደምደም ትንሽ ማካበድ ይሆናል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራመሮችን በመጠይቅ አነጋግረዋል። ሲከፋቸው ትኩረታቸው እንደሚበተንና የኮዳቸው ጥራት እንደሚወርድ የተናገሩ ነበሩ። ግን ይህ ራሳቸው የሰጡት ምስክርነት እንጂ ኮዱ ተመርምሮ የተገኘ አይደለም። ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል፤ አንድ ችግር ላይ ተጣብቆ መቅረት፣ የጊዜ ጫናና የተዝረከረከ ኮድ ከመከፋት ዋና ምክንያቶች ውስጥ ተቆጥረዋል። ያለፈው ጽሑፍ ይህን ጨርሶ አላነሳውም።