አዲሱ አይጠየፍ አዳራሽ

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» የተባለው፣ ጌታና ሎሌ ሳይለይ ሁሉን ተቀብሎ ያበላ ስለነበር ነው ይባላል። የንጉሡ ቸርነት ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ግብሩ የሚቀርበው በበሩ ለገባ ሰው ብቻ ነበር። እኛ የዛሬዎቹ ደሴዎች ይህን ጉድለት አርመን፣ በር የሌለውን አይጠየፍ በየኪሳችን ይዘን እንዞራለን፤ በእሱም ማንንም ሰው፣ ምንንም ነገር ሳንጠየፍ ዝነኛ እናደርጋለን።

የቀድሞዎቹ እንዴት ያለ ከንቱ ድካም ይደክሙ ነበር! ከወሎ ምድር ስሙ እንዲጠራ የፈለገ ሰው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለይቶ ማወቅ ነበረበት። ማሪቱ ለገሠ እንኳ አምባሰልን በዚያ ድምፅ ካልተጫወተች በቀር ማንም «የአምባሰሏ ንግሥት» አይላትም ነበር። መንዙማ አውጪውም ያን ሁሉ ግጥም በቃሉ ይዞ፣ ድቤው እየተመታ፣ ጫቱ እየተቃመ ሌሊቱን ያነጋ ነበር፤ ያውም ብዙ ጊዜ ስሙ ከሐድራው ደጅ ሳይወጣ።

እኛ ግን ለአንድ ጎልማሳ ያን ሁሉ አሳጥረንለታል። ይህ ሰው ፒያሳ አስፋልት ላይ ከባጃጅ ወርዶ፣ ባለ ባጃጁ መልሱን ሳይሰጠው ሊሄድ ሲል፣ «መልሴን!» ብሎ ጮኸ። የጮኸው አንድ ጊዜ ነው፤ አንዱ ግን በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። በማግሥቱ ከሸዋ በር እስከ ሆጤ ሕፃን አዋቂው ሰላምታውን ትቶ «መልሴን!» ይባባል ጀመር። በሳምንቱ አዲስ ሱቅ እንዲመርቅ ተጋብዞ ሪባን ቆረጠ፤ ጥቁር ካባ ከነወርቀ ዘቦው ተደረበለት፤ የመድረክ መሪውም «ብርቅዬው የጥበብ ሰው» ሲል አስተዋወቀው። ጎልማሳው ማይክሮፎኑን ተቀብሎ ጥቂት አሰበና የሚታወቅበትን ሥራ አቀረበ፤ አንድ ቃል ናትና ቶሎ አለቀች። ሕዝቡ ግን «ይደገም!» አለ። (ባለ ባጃጁ መልሱን ሰጥቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ የጠየቀ የለም።)

አሁን ጎልማሳው ማታ ማታ በቲክቶክ ላይቭ ይገባል። በዚያ ገበያ ተመልካች በገንዘቡ ኮይን ገዝቶ፣ በኮይኑ የስጦታ ሥዕል ይልካል፤ አንዲት ጽጌረዳ 1 ኮይን፣ አንድ አንበሳ ደግሞ 29,999 ኮይን ያወጣሉ፤ ሁለት ሰዎች ማን ብዙ ስጦታ አገኘ ብለው የሚፎካከሩበት አንዱ ግጥሚያም 5 ደቂቃ ይፈጃል። በአባቶቻችን ጊዜ ጎፈር የሚደፋው አንበሳ የገደለ ሰው ነበር፤ ጀግናውም ቆላ ወርዶ፣ በንዳድ ታምሞ፣ ምናልባትም ተበልቶ ይቀር ነበር። የእኛ ጀግና ፍራሹ ላይ እንደተጋደመ አንበሳው ራሱ ይመጣለታል፤ የላከለት ሰው የቤት ኪራይ ቀኑ ያለፈበት ቢሆን እንኳ ለጥበብ ሲባል የሚከፈል ነውና ሊያስቆጨው አይገባም።

እኔም ብሆን ከዚህ በረከት አልቀረሁም። ያ ዝነኛ ቪዲዮ ሲቀረጽ ከጎልማሳው ጀርባ ካለው ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጥርሴን በስቴኪኒ እጎረጉር ነበር። ባለፈው ሳምንት ሻሂዬን ጠጥቼ ሒሳብ ስጠይቅ አስተናጋጁ ትክ ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ እዚያ ‹መልሴን› ላይ ከኋላ ያሉት እርስዎ ነዎት አይደል? ወላሂ እርስዎ ነዎት! አብሽሩ፣ የእርስዎ ተከፍሏል» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆች ሳስተምር ኖሬ፣ በዚህች ከተማ ሻሂ የተከፈለልኝ በጥርሴ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ በላሁም አልበላሁም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስቴኪኒዬን ይዤ፣ እዚያችው ወንበር ላይ፣ ፊቴን ወደ አስፋልቱ አዙሬ እቀመጣለሁ።