ሞላው ስንት ኖት ላይ እንዳለን አያውቅም

ኧረ እስኪ ዛሬ ልተንፍስ፣ ካልሆነ ይሄን ጆይስቲክ በመስኮት መወርወሬ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፍላይት ሲሙሌተር (ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ምታበርበት ጌም) ላይ ሴስና 172 ሚሏትን ትንሽ አውሮፕላን ይዤ ስነሳ ሳርፍ ስነሳ ሳርፍ ነው ያመሸሁት፣ ማረፍ ካላችሁት ማለቴ ነው፣ እንደ ኳስ እየነጠረች ነው እኮ ራንዌዩን ምትጨርሰው። ሚያበግነኝ ደግሞ ማረፍ አለመቻሌ አይደለም፣ እሱን ለምጄዋለሁ። ሚያበግነኝ ለሰው ስነግረው ሚመልስልኝ መልስ ነው። "ሴንሲቲቪቲህን ነጋቲቭ 50 አርገው።" (ሴንሲቲቪቲ ማለት ጆይስቲኩን ስትነካው አውሮፕላኗ ምን ያህል ቶሎ እንደምትሰማ ነው፣ ነጋቲቭ ሲሆን መሃሉ ይደነዝዛል።) ሌላው ይመጣና "እኔ ነጋቲቭ 30 ላይ ነኝ፣ ልክ እንደ እውነተኛው ነው ምትበረው።" ሌላው ደግሞ "ዴድ ዞን (ዱላው ቢነካም ምንም ማይሆንባት መሃል ያለች ቦታ) ሳታበዛ ምን ትጠብቃለህ?" እንደ እውነተኛው! ቆይ አንተ እውነተኛውን መቼ ነው ያበረርከው? (እኔም አላበረርኩም፣ ግን ቢያንስ አልምልም።)

በመጀመሪያ ጸቤ ከሲሙሌተሩ ፊዚክስ ጋር እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 1982 የመጀመሪያውን ፍላይት ሲሙሌተር ሲያወጣ ስክሪኑ ላይ የነበረው ጥቂት መስመርና ጥቂት ከለር ነበር። ዛሬ ኤክስፕሌን ሚባለው ሌላ ሲሙሌተር ክንፉንም ፕሮፔለሩንም በትንንሹ ቆራርጦ እያንዳንዷ ቁራጭ ላይ አየሩ ሚያሳድረውን ኃይል በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያሰላል። ድሮ ብዙው ሲሙሌተር ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ ሰንጠረዥ ቁጥር እያነበበ ነበር ሚያበርህ። እሺ፣ ተመስገን። ግን ይሄ ሁሉ ሒሳብ ተሰልቶ ተሰልቶ በስንት መከራ እጄ ጋር ሲደርስ ሚያገኘው ምንድነው? አንዲት ፕላስቲክ ዱላ፣ ከስሯ ሞላ ያላት። አለቀ።

እና የዚች ሞላ ነገር ነው አንጀቴን ያሳረረው። እውነተኛ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ዮኩ (መሪው) ከኤለቬተሩ (ጭራው ላይ አፍንጫዋን ሚያነሳና ሚያወርደው ክፍል) ጋር በገመድ ነው የተያያዘው፣ እጅህ ላይ ሚሰማህ ክብደት ጭራው ላይ ሚነፍሰው አየር ነው። አየሩ ሚገፋው ደግሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፣ ማለትም ከ60 ኖት (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) ወደ 120 ኖት ስትሄድ ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፣ ክብደቱ ግን አራት እጥፍ። ስለዚህ ፈጥነህ ስትበር ዮኩ ድርቅ ይላል፣ ፍጥነት ስትቀንስ ልፍስፍስ ይላል፣ ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኗን መሸከም ሲያቅተው) ልትገባ ስትል እንደ ሊጥ ይሆንብሃል፣ እጅህ መለኪያውን ሳታየው "ኧረ ቀስ አልክ" ይልሃል። የኔ ሞላስ? ቆሜም ያው፣ 55 ኖት ላይ ስነሳም ያው፣ ቁልቁል እየተወረወርኩም ያው። ስንት ኖት ላይ እንዳለን አታውቅም። እሷ ምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ወደ መሃል መመለስ።

ይሄ ነገር የገባኝ አንድ ጓደኛዬ ቤት መጥቶ ነው። ልጁ ላይሰንስ አለው፣ ሴስና በደንብ በሯል። እኔ ደግሞ በኩራት "ና ተቀመጥ እስኪ" አልኩት፣ ከርቩን (ሴንሲቲቪቲውን ሚወስነውን መስመር) ሳምንት ሙሉ ሳስተካክል ነበራ። ተነሳ፣ ዞረ፣ ሊያርፍ መጣ፣ ራንዌዩ ጋር ሲደርስ አፍንጫዋ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ከኔ የባሰ ሆነ። እኔ በውስጤ ደስ ብሎኛል አልዋሽም። እሱ ግን ዱላውን ለቆ እጁን እያየ "ምንም አይነግረኝም እኮ" አለ። ስክሪኑን አይደለም ያየው፣ እጁን ነው። ከዛ "ትሪም ሳደርግ ክብደቱ ሲጠፋ ነው ማቆመው፣ እዚህ ሚጠፋ ክብደት የለም፣ መች እንደማቆም በምን ልወቅ?" አለኝ። ዝም አልኩ። ምን ልበለው?

ትሪም እኮ እጅ ማሳረፊያ ነው። ዮኩን ይዘህ አፍንጫዋን ምትፈልገው ቦታ ታመጣታለህ፣ ከዛ እጅህ ላይ ያለው ክብደት እስኪጠፋ የትሪሟን ጎማ ታዞራለህ፣ ዮኩ ባለበት ይቆያል፣ ሚሄደው ክብደቱ ብቻ ነው። ሞላ ያለው ጆይስቲክ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ስበህ ይዘሃል፣ ትሪም ትጨምራለህ፣ አፍንጫዋ ጭራሽ ይበልጥ ትነሳለች ምክንያቱም የሳብከውም አለ ትሪሙም ተጨመረ፣ ስለዚህ በአንድ ጣት ትሪም እየጨመርክ በዛው ልክ ዱላውን ቀስ እያልክ ወደ መሃል መመለስ አለብህ፣ ያ ሁሉ በዓይን ብቻ ነው፣ እጅህ ምንም አይረዳህም። ከዛ ሰው "ሲሙሌተሩ ላይ ትሪም አይሰራም" ይላል። ይሰራል ወንድሜ፣ አንተ ነህ ማይሰማህ። አንዱማ "ነዳጅ ስጨምር አፍንጫዋ ይነሳል፣ ባግ ነው" ብሎ ሊያሳምነኝ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ባግ አይደለም! 70 ኖት ላይ ትሪም አርገሃት ጉልበት ከጨመርክላት ወደ 70 ኖት ለመመለስ ነው አፍንጫዋን ምታነሳው፣ እንዲያውም እሱ ነው በትክክል ከተሰሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ።

አሁን ወደዛች "ነጋቲቭ 50" እንምጣ፣ እሷ ናት ዋናዋ እሳት። ከርቭ ለምን እንደምናደርግ ይገባኛል፣ የዱላዋ መንገድ አጭር ነው፣ ዮክ በክንድ ሚሳበውን እዚህ በእጅ አንጓ ነው ምንጨርሰው፣ ስለዚህ ትንሽ ስትነካት አፍንጫዋ ትዘላለች። እና መሃሉን እናደነዝዘዋለን። ጥሩ። ግን ያደነዘዝከው ነገር እኮ አልጠፋም፣ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ እየጠበቀህ ነው። ከርቩን በጣም አጉብጠህ የዱላው ቦታ በሦስተኛ ኃይል እንዲሄድ አረከው እንበል፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ስሩት፣ ግማሽ ድረስ ስትስብ 0.5 ሦስቴ በራሱ ተባዝቶ 0.125 ይሆናል፣ ማለትም የእጅህን መንገድ ግማሽ ጨርሰህ ኤለቬተሩ የተንቀሳቀሰው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። የቀረው ሰባት ስምንተኛ በቀረችው ግማሽ መንገድ ውስጥ ታጭቋል። ከፍታህን ይዘህ በፍጥነት ስትበር በጣም ያምራል፣ እዛ ሚያስፈልግህ ትንሽ ትንሽ ንክኪ ነዋ፣ ቅቤ ነው። ግን ልታርፍ ስትመጣስ? ፍጥነትህ ወርዷል፣ ጭራው ላይ ያለው አየር ደክሟል፣ አፍንጫዋን ለማንሳት ብዙ መሳብ አለብህ፣ ብዙ ስትስብ ከርቩ ገደል ሚሆንበት ቦታ ላይ ገባህ። ትስባለህ ምንም የለም፣ ትስባለህ ምንም የለም፣ ትንሽ ትጨምራለህ ሆፕ ሰማይ ናት፣ ትደነግጣለህ፣ ትገፋለህ፣ በአፍንጫ ጎማዋ ታርፋለህ። ይሄው ነው ማታ ማታ ምንነጥረው! በጣም ትክክል መሆን ያለበት ሰዓት ላይ በጣም እንዲዋሽ አርገን ራሳችን አስተካክለነው፣ ከዛ "የዚህ ሲሙሌተር ግራውንድ ኢፌክት (መሬት ጋር ስትቀርብ አየሩ ክንፏን ደገፍ ሚያደርገው) አይረባም" እንላለን።

ዴድ ዞኑም እንደዛው። ብዙዎቹ ርካሽ ዱላዎች ውስጥ ያለው ፖቴንሽዮሜትር ነው፣ በመፋተግ ነው ሚሰራው፣ ሲያረጅና አቧራ ሲገባው ሳትነካው ይንቀጠቀጣል። የኔዋ ገና ዓመት ሳይሞላት ጀመራት፣ አከፋፋዩ "ዴድ ዞን ጨምርበት" ብሎ ሸኘኝ፣ በቃ በሽታው ላይ ብርድ ልብስ አልብሰው ማለት ነው። ጨመርኩበት። አሁን መሃል ላይ እጄ ይሄዳል አውሮፕላኗ አትሰማም፣ እስባለሁ አትሰማም፣ ድንገት ስትሰማ አልፎኛል። በማግኔት ሚሰሩት ሆል ሴንሰር ያላቸው ስለማይፋተጉ ይሻላሉ፣ እሱን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ።

በጣም ሚገርማችሁ ግን ምን መሰላችሁ፣ በዚች አሻንጉሊት ዱላ ከሁሉም ይበልጥ ወደ እውነት ሚቀርበው ትንሿ ሴስና ሳትሆን ትልቁ ኤርባስ ኤ320 ነው። የሱ ሳይድስቲክ (በጎን በኩል ያለው የፓይለቱ ዱላ) ራሱ ሞላ ነው ያለው! በ1988 አገልግሎት ሲጀምር ጀምሮ እጅህና ጭራው መሃል ኮምፒውተር ነው የተቀመጠው፣ ዱላውን ስትስብ ኤለቬተሩን ይሄን ያህል አንቀሳቅስ አይደለም ምትለው፣ ይሄን ያህል ጂ (ወንበሩ ላይ ሚጫንህን ኃይል) ስጠኝ ነው፣ ትሪሙንም ራሱ ያደርጋል። እና እነሱም ችግሩን ስለሚያውቁት ምን አደረጉ፣ ሊያርፍ ሲል 50 ጫማ ላይ ኮምፒውተሩ የአፍንጫውን አቋም ይመዘግብና ከ30 ጫማ ጀምሮ ቀስ እያለ አፍንጫውን ወደ ታች ይሰደዋል፣ ለምን? ፓይለቱ እንደ ሌላው አውሮፕላን ስቦ እንዲያሳርፍ! የጠፋውን ስሜት አስመስለው መልሰው ሰሩለት። ቦይንግ 737 ላይም ጭራውን ሚገፋው ሃይድሮሊክ ስለሆነ ፓይለቱ እጅ ላይ አየሩ አይሰማውም፣ ስለዚህ ፍጥነትን እያነበበ ክብደቱን ሚያጠነክር ሚያላላ ለብቻው ፊል ኮምፒውተር ሚባል ነገር አለው። እስኪ አስቡት፣ የአውሮፕላን ሰሪዎቹ እጅ ማወቅ አለበት ብለው ይሄን ያህል ሲደክሙ፣ እኛ ደግሞ ስላይደር እየጎተትን "ሪያሊስቲክ አረኩት" እንላለን።

ራደሩን (ጭራው ላይ ያለውን፣ በእግር ፔዳል አፍንጫዋን ግራ ቀኝ ሚያዞረውን) ባላነሳው ይሻል ነበር ግን አላስችል አለኝ። ፕሮፔለር ያላት ትንሽ አውሮፕላን ሙሉ ጉልበት ስትሰጣት ወደ ግራ ትጎትታለች፣ የሞተሩ ጥምዘዛ አለ፣ እየተጠማዘዘ ጭራዋን ሚመታው አየር አለ፣ አፍንጫዋ ቀና ሲል ደግሞ ወደ ታች ሚወርደው የቀኝ ምላጭ ይበልጥ መሳቡ አለ፣ ስለዚህ ቀኝ እግር ትሰጣታለህ። ፔዳል ከሌለህ ግን እግርህ ያው አንጓህ ነው፣ ዱላዋን ትጠመዝዛለህ፣ ስትጠመዝዝ ሳታስበው ወደ ጎንም ትገፋታለህ፣ ክንፏ ያዘነብላል፣ ስታስተካክል ጥምዘዛው ይለቃል፣ ጭራዋ ዞሮ ሳር ውስጥ ትገኛለህ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ሚባለው ለዚች ሳይሆን አይቀርም። ታክቶኝ ፔዳል ገዛሁ። ሰካሁት፣ ሲሙሌተሩ "አወቅኩት አወቅኩት" አለና ራሱ ባይንድ አደረገልኝ (ማለትም ከራደሩ ጋር አገናኘልኝ)፣ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች፣ የዱላዋን ጥምዘዛ ሳያጠፋ ፔዳሉንም ራደር ላይ ጨመረው። ሁለቱ እየተጣሉ አፍንጫዋ ግራ ቀኝ ትላለች፣ እኔ ፔዳሉ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ካርቶኑን ስፈልግ ነበር። ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ሁለት ቀን! ኤክስፕሌን ላይ ደግሞ ሳላውቀው ስታቢሊቲ ኦግመንቴሽን ሚሉትን ስላይደር ከፍ አርጌው ወር ሙሉ "ይሄ አውሮፕላን ለምን ይታገለኛል" እያልኩ ኖሬያለሁ። እሱ ለካ እየረዳኝ ነው።

መዘግየቱንም ተዉት፣ እጄ ሲንቀሳቀስና ስክሪኑ ላይ ሲታይ መሃል ያለውን። በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ከሆንክ አንዷ ፍሬም ብቻ 33 ሚሊሰከንድ ናት፣ ሞኒተሩ ሌላ ይጨምራል፣ እና ፍሬሙ ሚወርደው መቼ ነው? ትልቅ ኤርፖርት ልታርፍ ስትቀርብ። ሌላ መቼ ሊሆን!

እና ደግሞ "ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ትጠብቃለህ" ትሉኛላችሁ። ኤድዊን ሊንክ ሚባል ሰውዬ በ1929 አባቱ ኦርጋንና ፒያኖ ሚሰራበት ፋብሪካ ውስጥ በኦርጋን ወናፍ ሚወዛወዝ ማሰልጠኛ ሰርቷል፣ በወናፍ! ኮምፒውተር ሳይኖር መቀመጫህ ስር እንዲሰማህ ሞክሯል። ማይክሮሶፍት ራሱ በ1997 ሞተር ያለው ሳይድዋይንደር ጆይስቲክ ይሸጥ ነበር፣ እጅህን ሚገፋ። ከዛ እንደዚህ አይነቱ ነገር ከገበያ ጠፍቶ ኖረና አሁን ሲመለስ ዋጋው ሲታይ የመኪና መለዋወጫ ይመስላል። ጎበዝ ግራፊክሱ ላይ ደመናው በሦስት ዳይሜንሽን ነው፣ የሳሩ ቅጠል ይቆጠራል፣ እጄ ላይ ያለው ግን ያው ሞላ ነው።

ለማንኛውም ትናንት ተናድጄ ዱላዋን ፈታኋት። ሞላዋን አውጥቼ ሌላ ላላ ያለ አስገባሁበት፣ አንገቷን ትንሽ አስረዘምኳት፣ ከርቩን ሙሉ በሙሉ ዜሮ አረኩት፣ ቀጥ ያለ መስመር። የመጀመሪያዎቹ አራት ማረፊያዎች አይወሩም። አምስተኛው ላይ 65 ኖት ገደማ ይዤ መጣሁ፣ ስስብ ትሰማለች፣ ስስብ ትሰማለች፣ ጎማው ነካ፣ አንዴ ብቻ ነጠረ። አሁን ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ሞላውን ጭራሽ አውጥቶ በፍሪክሽን (በፍትጊያ) ብቻ የሞከረ ሰው ካለ እንዴት ሆነለት፣ ትሪሙንስ ምን አደረገው? እሱን ይንገረኝ። የሴንሲቲቪቲ ቁጥር ሚልክልኝን ግን ብሎክ ነው ማደርገው።