«ለእሷ እንዳትነግራት»

የሕክምና ባለሙያዎችን ብትጠይቁ ይህንን ነገር ሁሉም ያውቁታል። የናሙናው ውጤት ደርሷል። ታማሚዋ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። ትልቁ ልጇ ቀድሟት ይገባና በሩን ገርበብ ያደርጋል። «ዶክተር፣ እባክህ ለእሷ እንዳትነግራት። ከሰማች ትሞትብናለች።» ሐኪሙም ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ ካንሰሩ «እጢ ነገር» ይሆናል። የካንሰር መድኃኒቱ ኪሞ ደግሞ «ጠንከር ያለ መድኃኒት» ይባላል።

እንዲህ የሚያደርጉት ሰዎች ጨካኞች አይደሉም። እናታቸውን ስለሚወዱ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ይከነክነኛል። መራራ እውነት ማወቅ ይሻላል ወይስ ሳያውቁ በሰላም መኖር እያልን ስንከራከር፣ መራጩ ማን መሆን እንዳለበት እንረሳዋለን።

እኔ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም የሚል ሰው ፈሪ አይመስለኝም። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2007 የራሱ ዘረመል ሙሉ በሙሉ ሲነበብለት አንድ ነገር ብቻ እንዳይነገረው ጠይቋል። እሱም አልዛይመር ከሚባለው፣ ማስታወስን ከሚያጠፋው የአንጎል በሽታ ጋር የሚያያዘው ጂን ነው። አያቱ በዚህ በሽታ ሞተው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጂን ሲያጠና የኖረ ሰው «ይህቺን ተዉልኝ» አለ።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ሀንቲንግተን የሚባለው የአንጎል በሽታ ከእናት ወይም ከአባት ይወረሳል። ወላጁ በሽታው ካለበት ልጁ የመያዝ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሰው ልጅ ወልዶ፣ ቤት ይዞ፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ናንሲ ዌክስለር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እናቷ በዚህ በሽታ መያዛቸውን የሰማችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ለዚህ ሰጠች። ቬንዙዌላ ድረስ እየሄደች፣ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር ከሚኖሩ ቤተሰቦች ደም ሰበሰበች። በ1983 በሽታውን የሚያመጣው ጂን በዘረመል ውስጥ ያለበት አካባቢ ታወቀ፣ በ1993 ራሱ ጂኑ ተገኘ። አሁን ማንም ተመርምሮ ዕጣውን ማወቅ ይችላል። እና ምን ሆነ? ሥጋቱ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ አይመረመሩም። ዌክስለርም ብትሆን ተመርምራ እንደሆነ ስትጠየቅ ለዓመታት የግሏ ጉዳይ አድርጋ ያዘችው። በሽታው እንዳለባት በይፋ የተናገረችው በ2020 ነው።

እነዚህ ሰዎች አለማወቅን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ማንም በር ገርበብ አድርጎ አልመረጠላቸውም። ደግሞም ቢያውቁት በሽታውን የሚያስቆም ነገር የለም። የጡት ወይም የማኅፀን በር ካንሰር ግን እንዲህ አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። እውነቱ የተደበቀባት ሴት ሁለት ዙር መድኃኒት ትወስድና ሦስተኛውን ትታ አገሯ ትገባለች። ለምን አትገባ? «እጢ ነገር» ለተባለ በሽታ ጸጉሩን የሚያስረግፍ፣ ከብቱን የሚሸጥ ማን አለ?

ደግሞስ የእውነት አታውቅም? ጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር የሚሰጠው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ወረፋ ላይ ደግሞ የአበሻ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። «አንቺስ የት ላይ ነው ያመመሽ?» ይባላል። ማታ ቤት ስትገባ ልጆቿ «ምንም የለብሽም» ይሏታል። እሷም እንዳይከፋቸው «ተመስገን» ትላለች። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ሚስጥሩ የሚያሳርፈው እሷን ሳይሆን ልጆቿን ይመስለኛል። ስታለቅስ ከማየት ይድናሉ።

ይህ «ባህላችን ነው» ሲባል እሰማለሁ። የትኛው ባህል? የእኛ ሰው ሲጸልይ «ከድንገተኛ ሞት ሰውረኝ» ነው የሚለው። ሞት እንደማይቀር ያውቃል። የሚለምነው ጊዜ ነው። ንስሐ የሚገባበት፣ የሚናዘዝበት፣ የተጣላውን የሚታረቅበት፣ የማን ብር እጁ ላይ እንዳለ የሚናገርበት ጊዜ። ሙስሊሙም እንደዚያው «አፉ በሉኝ» ሳይል፣ የሰው ሐቅ ሳይመልስ መሄድ አይፈልግም። ታዲያ ካንሰር ብዙ ጊዜ ያንን ጊዜ ይሰጣል። የምንነጥቃት እኛ ነን። ከቀብር በኋላ በመሬትና በቤት የሚካሰሱ ወንድማማቾችን ስንት አይተናል! እናትየው ሦስት ወር አልጋ ላይ ነበረች። ማንም አልጠየቃትም። ቢጠይቋት መሞቷን ታውቃላ።

«የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለውም አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ተጠይቀው 90 በመቶ ያህሉ ለካንሰር ታማሚ እውነቱን አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረዋል። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶው እንነግራለን አሉ። 18 ዓመት ነው የፈጀው። ያኔ እነሱም «ከሰማች ትሞትብናለች» ይሉ ነበር።

መርዶስ? የሚል አይጠፋም። አዎ፣ መርዶ እናቆያለን። ቤሩት ላለችው ልጅ ኮንትራቷን ትጨርስ፣ ዋሽንግተን ላለችው ወልዳ ትነሳ እንላለን። አንዳንዴ መጠኑን ያልፋል፣ አሁን ደግሞ ፌስቡክ ይቀድመናል። ግን መርዶ መጨረሻ ላይ ይነገራል። ይነገር ወይስ ይቅር ብሎ የሚከራከር የለም። የሚመከረው መቼና በማን እንደሚነገር ነው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። ይህን ጥበብ እያወቅን ካንሰርን ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ሰው በሚተላለፍበት፣ በእንግሊዝኛ ቃል በሚናገር ሐኪምም አዝናለሁ። እንደዚያ ከሆነ ቤተሰብ ቢፈራ አይፈረድበትም።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሐኪሞች ክፉ ዜና ለመንገር የሚረዳ ስድስት ደረጃ ያለው መመሪያ አሳትመው ነበር። ዛሬ በብዙ አገር ይማሩታል። እኔ የምወደው ውጤቱ ከመነገሩ በፊት የምትመጣውን አንዷን ደረጃ ነው። ታማሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ይጠየቃል። «ሁሉንም ንገሩኝ» ሊሉ ይችላሉ። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ» ሊሉም ይችላሉ። የኋለኛውም ሙሉ መልስ ነው፣ ይከበር።

ጥያቄው ደግሞ የግድ ሐኪም ቤት እስኪደረስ መጠበቅ የለበትም። እናታችሁ ደህና ሳሉ፣ ቡና ላይ ጠይቋቸው። መጀመሪያ «አፍህን በዳቦ!» መባሉ አይቀርም። ሁለተኛው ስኒ ላይ ድጋሚ ጠይቁ።