እባካችሁ ስትራክቱን (በሲ ቋንቋ የተለያዩ መረጃዎችን አንድ ላይ የሚይዘውን ጥቅል) ሜሞሪ ውስጥ እንዳለ ፋይል ላይ አትድፉት!

ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሥራው ቀላል ነበር፤ የአንድ ድርጅት የክፍያ መዝገብ ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ማዛወር። ፋይሉን ኮፒ አደረግኩ፣ ያንኑ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ሰርቨሩ ላይ ኮምፓይል አደረግኩት (ወደ ማሽን ቋንቋ ተረጎምኩት)፣ አንድም ስህተት አላሳየም። ከፈትኩት። 10 ሺህ የነበረው መዝገብ 5 ሺህ ሆኗል። ጥቂት ሺህ ብር መሆን የነበረበት ቦታ ላይ በትሪሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ተገትሯል!

ባይት በባይት ስቆጥር ነው ጉዱ የወጣው። ኮዱ እያንዳንዱን መዝገብ የሚጽፈው ስትራክቱን እንዳለ ነው። ስትራክቱ ውስጥ ያለው አንድ ቻር (የ1 ባይት ፊደል) እና አንድ ሎንግ (ሙሉ ቁጥር) ነው። ሎንግ ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት፣ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8 ነው። ኮምፓይለሩ ደግሞ ቁጥሩ የሚመቸው ቦታ ላይ እንዲያርፍ ብሎ መሀል ላይ ባዶ ባይት ይሞላል፣ ዊንዶውስ ላይ 3፣ ሊኑክስ ላይ 7። ስለዚህ አንዱ መዝገብ ዊንዶውስ ላይ 8 ባይት ነው፣ ሊኑክስ ላይ 16። ሁለት ሰው እንደ አንድ እየተነበበ ነው ማለት ነው። የሰው ገንዘብ እኮ ነው! ደግሞ ሁለቱም ማሽኖች ሊትል ኤንዲያን (የቁጥሩን ትንሹን ባይት አስቀድመው የሚጽፉ) ሆነው እንጂ፣ አንዱ ቢግ ኤንዲያን (ትልቁን ባይት የሚያስቀድም) ቢሆን ኖሮ በ4 ባይት የተጻፈ 1 16777216 ሆኖ ይነበብ ነበር።

የሚያበግነኝ የዚህ ችግር መፍትሔ ትናንት የመጣ አለመሆኑ ነው። ኤክስዲአር የሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ደረጃ እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ባይት እንደሆነና በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ እ.ኤ.አ. በ1987 በሰነድ አስቀምጦታል። ጉግል ለዚሁ ሥራ የሠራውን ፕሮቶባፍን በ2008 ለሁሉም ክፍት አደረገ። ሲቦር የሚባለው ሌላ የመረጃ አጻጻፍ ደረጃ በ2013 ወጣ። ሁሉም በነጻ ነው።

አንዱ ጓደኛዬ «ጄሰን አድርገውና ተገላገል» አለኝ፤ ጄሰን መረጃን በተራ ጽሑፍ የማስቀመጫ መንገድ ነው። ለጽሑፍ እሺ። ግን ከመዝገቡ ጋር የደረሰኝ ምስል አለ፤ ምስል ጄሰን ውስጥ የሚገባው ቤዝ64 ተደርጎ (ባይቶቹ ወደ ፊደል ተቀይረው) ነው፣ መጠኑ በሲሶ ያብጣል። ሌላው «ፒክል» አለ። ፒክል የፓይተን ቋንቋ ብቻ የመረጃ ማስቀመጫ ነው፣ ከማታውቀው ሰው የመጣውን መክፈት ደግሞ የሱ ኮድ ማሽንህ ላይ እንዲሮጥ መፍቀድ ነው። አይሆንም!

ሲቦርን መረጥኩ። እያንዳንዱ ነገር ዓይነቱንና ርዝመቱን ከፊቱ ይዞ ይመጣል፣ ምስሉም ሳይነካ ይገባል። ፕሮቶባፍም ጥሩ ነበር፣ ግን ያለ ስኪማ ፋይሉ (መስኮቹ ምን ምን እንደሆኑ የሚዘረዝረው ፋይል) የመስኮቹን ስም እንኳ አታውቅም፣ እዚህ ቤት ደግሞ ሰው ሲለቅ ፋይሉም አብሮ ይጠፋል። ይህን ኮድ የጻፈው ልጅ አንድ ገጽ ማስታወሻ እንኳ አልተወም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ባልደረባዬ አዲስ ኮድ እንዳይለት (እንድገመግምለት) ላከልኝ። ከፈትኩት። አሁንም ስትራክቱን እንዳለ ፋይል ላይ! መልሼለታለሁ፣ እስኪስተካከል ድረስ አላጸድቀውም።