ካርሚላን ወንድ አታድርጓት

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ የአየርላንዳዊውን የሸሪዳን ለ ፋኑን «ካርሚላ» ወደ አማርኛ መተርጎም መጀመሩን ነገረኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን «ካርሚላን ወንድ ላደርጋት ነው፤ አለዚያ የሚያሳትምልኝ አላገኝም» አለ። ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

«ካርሚላ» እ.ኤ.አ. በ1871 እና በ1872 በመጽሔት በተከታታይ የወጣች የቫምፓየር ታሪክ ናት፤ ታዋቂውን «ድራኩላ»ን በ25 ዓመት ያህል ትቀድመዋለች። ተራኪዋ ላውራ ኦስትሪያ ውስጥ፣ ስቲሪያ በተባለ ግዛት፣ ጫካ በከበበው ትልቅ ቤት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አንድ ምሽት ከደጃቸው ሠረገላ ይገለበጣል። ከውስጡ የወጣችው ወጣት፣ እናቷ መንገድ ስለቸኮለች፣ ለሦስት ወር በአደራ ትሰጣቸዋለች። እንግዳዋ ደም መጣጭ ናት፤ ላውራንም ታፈቅራታለች። አንገቷን አቅፋ፣ ጉንጯን እየሳመች «የእኔ ነሽ» ትላታለች። ላውራም በአንድ ጊዜ ትሳባለች፣ ትጸየፋለችም። የመጽሐፉ ፍርሃት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ወዳጄ ያሰበውን ላውራ ራሷ ቀድማ አስባዋለች። ይህ ሁሉ መሳምና መቃተት ግራ ሲያጋባት፣ አንድ በፍቅር የተነደፈ ጎረምሳ የሴት ልብስ ለብሶ ቤታችን ገብቶ ይሆን ብላ ትጠራጠራለች። ነገሩን ታወጣለች፣ ታወርዳለች፤ በመጨረሻም አይመስለኝም ብላ ትተወዋለች። ካርሚላ ወንድ ከተደረገች ይህ ገጽ የት ይገባል? አባትየውስ? ማንነቱ የማይታወቅ ጎረምሳ ከሴት ልጁ ጎን ለሦስት ወር የሚያስቀምጥ አባት እንኳን በዚያ ዘመን ስቲሪያ፣ ዛሬም ባሕር ዳር አይገኝም። ካርሚላ በሩ የተከፈተላት ሴት ስለሆነች ነው፤ ያልተጠረጠረችውም ሴት ስለሆነች ነው።

አንባቢ ይቆጣል ይባላል። ሊቆጣ ይችላል፤ እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው፣ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የሚባለውን በየቀኑ እሰማለሁ። ነገር ግን ላውራን የሚወቅሳትም የሚያዝንላትም ሰው መጀመሪያ እውነተኛዋን ላውራ ማግኘት አለበት። ደራሲው ካርሚላን ልቧን በእንጨት አስወግቶ፣ አንገቷን አስቆርጦ ይጨርሳታል። ሆኖም የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ላውራ ዛሬም የካርሚላን ቀላል እርምጃ ከበሩ ላይ የሰማች እየመሰላት ከሐሳቧ ትባንናለች። ይህን ለወንድ ስጡትና ተራ የፍቅር ትዝታ ይሆናል።

ፊልም ሠሪዎችም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። የአሜሪካዊቷ ደራሲ የአን ራይስ ልቦለድ «ከቫምፓየሩ ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ» እ.ኤ.አ. በ1994 ፊልም ሲሆን የሁለቱ ወንድ ቫምፓየሮች ቅርበት በፍንጭ ብቻ ቀረ፤ በ2022 የወጣው ተከታታይ ድራማ ግን ፍቅረኞች መሆናቸውን በግልጽ አሳየ። በስዊድናዊው ዮን አይቪዴ ሊንድክቪስት የ2004 ልቦለድ ደግሞ ኦስካር የሚባል ልጅ ሴት ትመስለው የነበረችውን ቫምፓየር ጎረቤቱን ይወዳል። ያች ልጅ ከዘመናት በፊት የተሰለበ ወንድ ልጅ ሆና ትገኛለች። በ2010 ከዚህ ልቦለድ የተሠራው የአሜሪካ ፊልም የሰለባውን ታሪክ ትቶታል።

አማርኛ እዚህ ላይ የባሰ ያስጨንቃል። የስዊድን ቋንቋ ሲያነጋግር ወንድና ሴት አይለይም፤ ኦስካር በእኛ ቋንቋ ግን «አንተ» ወይም «አንቺ» ሳይል አፉን መክፈት አይችልም። «አንቱ» ጾታን ይሸፍን ነበር፣ ነገር ግን ልጅ ልጅን አንቱ አይልም። እኔም ከላይ «ያች ልጅ» ብዬ መምረጥ ግድ ሆነብኝ። በእኔ እምነት ኦስካር እውነቱን ከሰማ በኋላም «አንቺ» ማለቱን ቢቀጥል፣ ስዊድንኛው ሊናገረው የማይችለውን ታማኝነት አማርኛው ይናገርለታል። እንዲህ ያለ ዕድል በእጃችን እያለ ጾታን ቀይሮ መገላገል ያሳዝነኛል።

ወዳጄ ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ላውራ ስለ ጎረምሳው የምትጠራጠረው አራተኛው ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ እንዲደውልልኝ ነግሬዋለሁ።