ይሉኝታ የያዘው መራጭ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቡና የምንጠጣባት ቤት የማይጠፋ ኡበር የሚሰራ ጓደኛ አለኝ፣ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር "ባክህ የኔ አንድ ድምፅ ምን ልታመጣ ነው" ይላል። ይሄን ሲል የፓወርቦል ወረቀቱን ዋሌቱ ውስጥ እያስተካከለ ነው። ትልቁን ብር የማግኘት እድሉ ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው፣ እዛ ላይ ግን ተስፋ አይቆርጥም፣ ሎተሪ ነው የሚቆርጠው።

እና በቀደም ኒውፖርት ኒውስ የምትባለውን ከተማ ነገር ነገርኩት። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በፈረንጆቹ 2017፣ ለስቴቱ ምክር ቤት ያንሲ የሚባል ሪፐብሊካንና ሲሞንድስ የምትባል ዴሞክራት ተወዳድረው ድጋሚ ሲቆጠር ሴትዮዋ በአንድ ድምፅ በለጠች፣ በአንድ! በማግስቱ ዳኞቹ ሳትቆጠር የቀረች አንዲት ወረቀት አዩ፣ መራጩ ከሁለቱም ስም አጠገብ ያለውን ክብ አጥቁሮ ሲያበቃ የሴትዮዋ ላይ ሰረዝ አድርጎበታል። ለያንሲ ትቆጠር ተባለ፣ 11,608 ለ11,608 እኩል ወጡ።

ያ መራጭ ሐበሻ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሌላ ማን ይሄን ያደርጋል? ሁለቱንም ላለማስቀየም ሁለቱንም አጠቆረ፣ ከዛ ጨነቀውና አንዷን በስሱ ሰረዛት፣ ልክ በአንድ ቀን ሁለት ሰርግ ተጠርቶ ለሁለቱም "እንዴት እቀራለሁ!" ብሎ ማታ ላይ ለአንዱ "መኪናዬ አስቸግራኝ" ብሎ ቴክስት እንደሚልከው።

ከዛ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እጣ! ጃንዋሪ 4, 2018 ሪችመንድ ላይ ስማቸውን ጽፈው በድሮ የፎቶ ፊልም መያዣ ከተው ሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጨመሩና አንዱን አወጡ። ለያንሲ ወጣ። በዚችው እጣ ሪፐብሊካኖቹ ምክር ቤቱን 51 ለ49 ያዙ፣ ለሷ ቢወጣ 50 ለ50 ነበር።

ጓደኛዬ ስኒውን አስቀመጠና "እና ይሄ እቁብ አይደል እንዴ?" አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ እጣውን መሸጥ ይቻል እንደነበር ነው።

እኔም ብሆን ታሪክ ልቀይር ብዬ አይደለም ልመርጥ የምሄደው፣ ያ ድሮ ቀረ። በኛ 1997 አዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ጋቢ ለብሼ ተሰልፌያለሁ፣ ከዛ 2007 ላይ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱን ወንበር 547ቱንም ሲወስዱ የድምፅ ሒሳብ መስራት ተውኩ። እዚህ የምሄደው በአያቴ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ስትመርጥ አስመራጩ ሙሉ ስምህን ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ መድገም አለበት፣ ህግ ነው። የኔ ላስት ኔም ደግሞ የአያቴ ስም ነው፣ ገብረእግዚአብሔር። አያቴ እድሜውን ሙሉ ስሙ እስኪጠራ የቢሮ ደጅ ላይ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

አምና ስሜን የፈለጉልኝ ሴትዮ መነፅራቸውን ዝቅ አድርገው "ጌብር... ጌብረ ኢግ..." እያሉ ሲታገሉ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በሙሉ አንገቱን አስግጎ ይሰማል። በሶስተኛው "ሃኒ፣ እንዴት ነው የሚባለው?" አሉኝ። እንደገና እንዲሞክሩት ሆን ብዬ በፍጥነት ነገርኳቸው።